በአንድ ላፕቶፕ ሦስት ኮምፒውተር

ከጎንደር ተነስቶ በሸኸዲና በመተማ ዮሐንስ አድርጎ፣ ጋላባትን ተሻግሮ ገዳሪፍ የሚገባው መንገድ የሰሊጥ፣ የማሽላና የቀን ሠራተኛ መንገድ ነው። በዚሁ አቅጣጫ ሌሎች ሁለት መስመሮችም ያልፋሉ። አንደኛው ኢትዮጵያ ለሱዳን ኃይል የምትሸጥበት 230 ኪሎቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ሁለተኛው ኢትዮጵያን በሱዳን በኩል ከቀይ ባሕር ኬብሎች ጋር የሚያገናኘው ፋይበር ነው። ኮምፒውተር ለመማር ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም ደግሞ ሳይነግሩ ይጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 መግቢያ ላይ ካርቱም ያሉት የቴሌኮም ማዕከላት በሱዳኑ ጦርነት ሲዘጉ የስልክ ኩባንያዎቹ የዛይን፣ የኤምቲኤንና የሱዳኒ አገልግሎት ተከታትሎ ተቋረጠ። ከግንባሩ ርቆ የነበረው ምሥራቁ ክፍልም አልቀረለትም።

ቨርቹዋል ማሽንን ከዚህ አካባቢ ጋር የማነሳው ለዚህ ነው። ስሙ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከትልልቅ ዳታ ማዕከላት ጋር ነው። እኔ ግን ከማንም በላይ የሚጠቅመው ኔት ለሚቆራረጥበት ሰው ነው እላለሁ። የሚወርደው ነገር አንዴ ወርዶ ካለቀ፣ ሁለት ሰርቨርና በመካከላቸው የሚቆም ፋየርዎል በአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ውስጥ ተነስተው ሲነጋገሩ አንድ ሜጋባይት ዳታ አይበሉም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ፕሮግራም ከላፕቶፑ ራም፣ ፕሮሰሰርና ዲስክ ላይ ድርሻ ቆርጦ ይሰጣል፤ በዚያ ድርሻ ላይ እንግዳ ማሽን የሚባል ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ይነሳል። እንግዳው ማሽን "ሃርድ ዲስኬ" የሚለው ነገር በእርግጥ በላፕቶፑ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ፋይል ይቀዳል፣ ይሰረዛል፤ ተማሪው አበላሽቶት ቢጥለውም ዋናው ዊንዶውስ ምንም አይሆንም። ሐሳቡ ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ የአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች የመጣ ነው። ወደ ተራው ፒሲ ያወረደው እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር ሲሆን፣ በነፃ የሚገኘው ቨርቹዋልቦክስ በ2007 ወጣ። በዚያው ዓመት ኬቪኤም በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ገባ።

ለሱዳን ነዋሪ ፕሮግራሙ መውጣቱ ብቻ አይበቃም ነበር። የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 ቆይቷል። በማዕቀብ ምክንያት በ2010 መጀመሪያ የክፍት ሶፍትዌር ትልቁ መጋዘን የነበረው ሶርስፎርጅ ለሱዳን፣ ለኢራን፣ ለኩባ፣ ለሶርያና ለሰሜን ኮርያ በሩን ዘጋ። ለሁሉም ክፍት ነው የተባለው ሶፍትዌር እንግዲህ አድራሻ እየጠየቀ የሚሰጥ ሆነ። በ2015 ለግል መገናኛ ሶፍትዌርና መሣሪያ ፈቃድ ሲወጣ ነው ማሰሪያው የላላው።

ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። ስምንት ጊጋባይት ራም ካለው፣ ዴስክቶፕ የሌላቸውን ሁለት ሦስት ሊኑክሶች ያለ ችግር ይሸከማል። ከመጀመር በፊት ባዮስ ውስጥ ገብቶ ቨርቹዋላይዜሽን መብራቱን ማየት ነው፤ ኢንቴል ላይ ቪቲ-ኤክስ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤስቪኤም ይባላል። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ቨርቹዋልቦክስ አዲስ ማሽን ሲፈጠር የ32 ቢት ምርጫ ብቻ ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላው የማያስተውሉት ምልክት ከመስኮቱ ግርጌ የምትታየው ትንሽ ኤሊ ናት። እሷ ካለች የዊንዶውስ የራሱ ሃይፐር-ቪ ከሥር ተቀምጦ ማሽኑን እያዘገመው ነው።

ዳታ በሲም ካርድ እየገዛ ለሚያወርድ ሰው የሚመረጠው ሊኑክስ ለውጥ ያመጣል። የኡቡንቱ ሰርቨር ፋይል ከሁለት ጊጋባይት በላይ ነው። ለቨርቹዋል ማሽን የተዘጋጀው አልፓይን ሊኑክስ ግን ከ100 ሜጋባይት በታች ነው፤ ኔትወርክ ለመማር ከበቂ በላይ ነው።

ሰው የሚሸነፈው ኔትወርኩ ላይ ነው። ማሽኑ ሲፈጠር ቨርቹዋልቦክስ ሳይጠይቅ የሚሰጠው ናት የሚባለውን ነው። በመተማ ጉምሩክ እንዳለ ትራንዚተር አስቡት፦ የደንበኛው ጭነት በእሱ ስም ይወጣል፣ መልሱ ሲመጣም ከመዝገቡ አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል፤ ከወዲያ ማዶ ደንበኛውን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ግን አድራሻውን አያውቅም። ላፕቶፑም እንደዚያው ነው። እንግዳው ማሽን ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፣ ከውጭ ግን ማንም አያገኘውም። ማግኘት ካስፈለገ ፖርት ፎርዋርድ ይደረጋል፤ ለምሳሌ የላፕቶፑ ፖርት 2222 ወደ እንግዳው ማሽን ፖርት 22 እንዲያሳልፍ ይታዘዝና በኤስኤስኤች ይገባል።

አሁን ሁለት ማሽን አስነስታችሁ በሁለቱም ላይ አይፒ አድራሻ ጠይቁ። ሁለቱም 10.0.2.15 ይላሉ። ያንን አድራሻ ፒንግ ስታደርጉ መልሱ የሚመጣው ከራሱ ከማሽኑ ነው፤ ጀማሪውም "ይሠራል" ብሎ ይደሰታል። አይሠራም። በተራው ናት እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው በተከለለ ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ ጎረቤት የለውም። ጎረቤት የሚያስፈልገው ሰው ሌላ ዓይነት መምረጥ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያ የሚመክረው ብሪጅ ነው። እንግዳው ማሽን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ከቤቱ ራውተር አድራሻ ይወስዳል። ቤት ውስጥ ራውተርና የኔትወርክ ገመድ ላለው ሰው ግሩም ነው። በስልክ ሆትስፖት ለሚጠቀም ግን ምክሩ አይሆንም። ዋይፋይ ላይ አሰራጩ የሚቀበለው ተመዝግቦ የገባውን ካርድ ማክ አድራሻ ነው፤ ከአንድ ካርድ ጀርባ ሁለተኛ አድራሻ ብቅ ሲል ብዙ ጊዜ አያስተናግደውም። ቨርቹዋልቦክስ አድራሻውን በመለወጥ ሊያልፈው ይሞክራል፤ አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ አይሳካለትም። ኔት ሲጠፋ ደግሞ አድራሻ ሰጪውም አብሮ ይጠፋል፣ ልምምዱም ይቆማል።

ለዚህ አካባቢ የሚስማማው ሆስት-ኦንሊ ነው። ላፕቶፑ ለራሱ 192.168.56.1 ይይዛል፣ እንግዶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ101 ጀምሮ ይሰጣቸዋል። ሁሉም እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር የለም፣ የስልኩ ዳታ አይነካም። ለእያንዳንዱ ማሽን ሁለት የኔትወርክ ካርድ ስጡት፦ አንዱ ናት፣ አንዱ ሆስት-ኦንሊ። ፓኬጅ ማውረድ ሲያስፈልግ የናቱ ካርድ "ገመድ" ይሰካል፣ ሌላ ጊዜ ይነቀላል፤ ማሽኑ እየሠራ እያለ በሁለት ክሊክ የሚደረግ ነገር ነው። ይህ ከተለመደ በኋላ ኢንተርናል ኔትወርክ የሚባለው አለ። ላፕቶፑን ራሱን ጭምር ያገልላል፣ አድራሻም አያድልም። ራውቲንግ በእውነት የሚገባው እዚያ ነው፤ መካከል የቆመው ማሽን ሁለት ካርድ ይዞ የአንዱን ወገን ፓኬት ለሌላው ሲያሳልፍ በዓይን ይታያል።

አንዱን ማሽን በደንብ አዘጋጅቶ ማባዛት ጊዜም ዳታም ያድናል። ሲባዛ ለኔትወርክ ካርዶቹ አዲስ ማክ አድራሻ እንዲፈጠር መምረጥ ይገባል፤ ካልተመረጠ መንትዮቹ አንድ አይፒ ይሻማሉ። ኡቡንቱ ላይ ይህም አይበቃም። አድራሻ ሲጠይቅ ራሱን የሚያስተዋውቀው በማክ ሳይሆን ማሽን-አይዲ ከሚባል ፋይል በሚወጣ መለያ ስለሆነ፣ ማኩ ቢለወጥም ያው አድራሻ ተመልሶ ይመጣል። ፋይሉን ባዶ አድርጎ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ነው።

ስለ መብራት፦ መስኮቱን ስትዘጉ ከሚመጡት ምርጫዎች መካከል የማሽኑን ሁኔታ ማስቀመጥ የሚለው አለ። ራሙ ላይ ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ያቆማል፣ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ የሚሠራው ግን የላፕቶፑ ባትሪ ጥቂት ደቂቃ ከያዘ ነው። ባትሪው ለሞተበት ሰው ከእያንዳንዱ ትልቅ ለውጥ በፊት ስናፕሾት (ሲበላሽ የሚመለሱበት የማሽኑ ሁኔታ) መውሰድ ይሻላል፤ ዲስክ ይበላልና የቆዩትን እየሰረዙ።

የተዘጋጀው ማሽን ኦቪኤ ተብሎ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ ይወጣል። መተማ ላይ የተሠራው ላብራቶሪ ገዳሪፍ ያለ ጓደኛ ላፕቶፕ ላይ እንዳለ ይነሳል፤ በኢንተርኔት መላክ አያስፈልግም፣ ፍላሽ ይበቃል። ፍላሹ ፋት32 ከሆነ ግን 4 ጊጋባይት የሚያክል ፋይል አይቀበልም። ባዶ ቦታ ቢኖረውም ፋይሉ ይበዛብኛል ይላል። ኤክስፋት አድርጎ ፎርማት ማድረግ ነው፤ መጀመሪያ በውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ።