አዲሱ መምህር ከየት መጡ?

ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ እየኖረ አዲስ አበባ የሚሠራ ወላጅ ከቤቱ የሚወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ወደ አስኮ፣ ወደ አየር ጤና ወይም ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄድ ታክሲ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ሲመለስ መሽቷል። ልጁ ቀኑን የሚውለው በሌሎች ሰዎች እጅ ነው፤ በሰርቪሱ ሹፌርና ረዳት፣ በበሩ ጥበቃ፣ በመምህራኑ፣ ከትምህርት በኋላ ደግሞ ቤት ድረስ በሚመጣው አስጠኚ። ወላጁ አብዛኞቹን በስም እንኳ አያውቃቸውም። ያመነው ትምህርት ቤቱን ነው። ትምህርት ቤቱስ ምን አይቶ ቀጠራቸው? ያልሆነውን ነኝ ያለ፣ ወይም የመጣበትን ዓላማ የደበቀ ሰው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራተኛ ሆኖ እንዴት ሊገባ ይችላል? በሩስ በምን ይዘጋል?

አስመሳይ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ፎርጅድ ዲፕሎማ የያዘው ሰው ነው። የሚፈልገው ደመወዝ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ቀላል አይደለም። ፊደል በሚለዩበት ዓመት ማስተማር በማያውቅ ሰው እጅ የወደቁ ልጆች አምስተኛ ክፍል ሲደርሱም ማንበብ ይቸግራቸዋል። ከዚህ ሰው ይልቅ የሚያስፈራው ግን ሰነዱ ሁሉ እውነተኛ የሆነው ነው። በእርግጥ ተምሯል፣ በእርግጥ አስተምሯል፣ ደብዳቤው ማህተምና ቲተር አለበት። የደበቀው ዲግሪውን አይደለም፤ ልጆች ያሉበት ቦታ ለምን እንደመጣ ነው። ዲፕሎማ ማጣራት ብቻውን ይህን ሰው አይዘውም።

በአገራችን በፍርድ የተረጋገጠ ምሳሌ አለ። በደቡብ ወሎ ጃሪ ወላጅ ላጡ ልጆች የተቋቋመ፣ በአንድ የስዊዘርላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚተዳደር የልጆች መንደር ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መንደሩን ይመራ የነበረው ብሪታንያዊው ዴቪድ ክሪስቲ በአደራ በተሰጡት ወንዶች ልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸሙ ተረጋግጦ በ2003 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሰውዬው አጥር ዘሎ አልገባም፤ ኃላፊ ሆኖ ተሹሞ ነው የገባው። የልጆቹ ኑሮ በእሱ ሥር ነበር። እናትና አባት የሌለው ልጅ አሳዳጊውን ለማን ይከሳል? ፍርዱ ከድርጊቱ ዓመታት ዘግይቶ ነው የመጣው።

የዊሊያም ቬሂ ታሪክ ደግሞ የዓለም ትምህርት ቤቶችን ሁሉ ያስደነገጠ ነው። ይህ አሜሪካዊ በ1969 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በሕፃናት ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ተፈርዶበታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከአገሩ ወጥቶ መምህር ሆነ፤ ከ40 ዓመታት በላይም ኢራን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ቬንዙዌላና እንግሊዝን ጨምሮ በብዙ አገሮች በታወቁ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች አስተማረ። ተማሪዎች የሚወዱት፣ ወላጆች የሚያመሰግኑት፣ ልጆችን ይዞ ጉብኝት የሚሄድ መምህር ነበር። በመጨረሻ ያጋለጠው የቅጥር ማጣሪያ ሳይሆን ኒካራጓ ውስጥ የቤት ሠራተኛው የነበረች ሴት የወሰደችው ፍላሽ ነው። በውስጡ የተኙ ልጆች ፎቶዎች ተገኙ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የተጎዱት ልጆች ቢያንስ 90 እንደሚሆኑ ገለጸ። ቬሂ በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. ራሱን አጠፋ።  የመጀመሪያው ፍርድ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፋይል ላይ ተኝቶ፣ ማንም ሳይጠይቅ አርባ ዓመት አለፈ።

እንግሊዝ ውስጥ ሶሃም በምትባል ትንሽ ከተማ በነሐሴ 2002 እ.ኤ.አ. ሁለት የ10 ዓመት ልጃገረዶችን የገደለው ኢያን ሃንትሊም የትምህርት ቤት ሠራተኛ ነበር፤ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ተንከባካቢ። ፍቅረኛው የልጆቹ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት ስለነበረች ልጆቹ ቤቷን አልፈሩትም። ሃንትሊ ቀደም ሲል በኖረበት አካባቢ ተደጋጋሚ የወሲብ ጥቃት አቤቱታዎች ቀርበውበት ነበር፤ ሲቀጠር ግን ኒክሰን በሚል ስም ነበር የሚታወቀው፤ የአንደኛው አካባቢ ፖሊስ የሚያውቀውም ለሌላው አልደረሰም። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርመራ መነሻነት እንግሊዝ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚጣራበትን ሥርዓት እንደ አዲስ አዋቀረች። ልብ በሉ፤ ሰውዬው መምህር አልነበረም። ስለዚህ ማጣራት የሚገባው መምህሩን ብቻ አይደለም፤ ጥበቃውም፣ ጽዳቷም፣ የሰርቪስ ሹፌሩም፣ የመዋዕለ ሕፃናት ሞግዚቷም መጣራት አለባቸው።

የቬሂንና የሃንትሊን ታሪኮች የሚያገናኛቸው የአስመሳዩ ብልጠት አይደለም፤ መረጃው በአንድ ቦታ እያለ ሌላው ቦታ ያለው ሰው አለመጠየቁ ነው። አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች ደግሞ ለዚህ ክፍተት የተመቹ ናቸው። በአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ሥር ካለ ትምህርት ቤት የተባረረ ሰው አንድ ታክሲ ተሳፍሮ አሸዋ ሜዳ ወይም ዓለም ገና ሲወርድ በኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ሥር ነው ያለው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተመሥርቶ ቡራዩን፣ ሰበታንና ሱሉልታን ስለጠቀለለ በሦስቱ መካከል መረጃ መለዋወጥ የሚቀል ይመስለኛል፤ ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ድንበር ግን እዚያው ነው። ሰው በቀላሉ ይሻገረዋል፤ የግል ማህደሩ አይሻገርም። ከተሞቹ በፍጥነት ስላደጉ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም። ድሮ የአንድ ሠፈር ሰው «የእገሌ ልጅ» ብሎ ያውቀው የነበረውን ዛሬ ወረቀት ነው የሚናገረው።

የቅጥሩ ወቅትም ችግር አለበት። የግል ትምህርት ቤት በሐምሌና ነሐሴ በጥድፊያ ይቀጥራል። ከዚያ ይልቅ አደገኛው በዓመቱ አጋማሽ የሚደረገው ነው፤ ጥር ላይ አንድ መምህር የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ ክፍሉ ባዶ ይቀራል፣ ወላጅ ይጮኻል፣ ርዕሰ መምህሩም በሩ ላይ ሲቪ ይዞ የቆመውን ሰው «ሰኞ ጀምር፤ ዶክመንትህን በኋላ ታሟላለህ» ይላሉ። ያ «በኋላ» ብዙ ጊዜ አይመጣም።

ታዲያ እንዴት ይጣራል? ከትምህርት ማስረጃው እንነሣ። ኮፒ ማየት ማጣራት አይደለም፤ ኦርጅናሉን ማየትም ቢሆን ግማሽ መንገድ ነው፤ ማህተም ይቀረጻልና። ዋናው ሥራ ሰነዱን ሰጠ የተባለውን ተቋም መጠየቅ ነው። ሰበታ ያለ ትምህርት ቤት በሰበታ መምህራን ኮሌጅ ዲፕሎማ ለቀረበለት በእግር ሄዶ ሬጅስትራሩን ሊጠይቅ ይችላል። ዲፕሎማው ከአሰላ፣ ከደሴ ወይም ከጎንደር ከሆነ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ በአመልካቹ እጅ ሳይሆን ከተቋም ወደ ተቋም ይላካል። የስልክ ቁጥሩን ከአመልካቹ ወረቀት ላይ አትውሰዱ። የሐሰት ደብዳቤ የሠራ ሰው የሐሰት ስልክም መጻፍ አያቅተውም፤ ሲደወል የሚያነሳው ጓደኛው ነው። ቁጥሩን ራሳችሁ ፈልጉ። የውጭ አገር ማስረጃ ከሆነ የሚመለከተው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 378 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ የተገኘበትን ሰው «ሌላ ቦታ ሞክር» ብሎ መሸኘት ለሌላ ትምህርት ቤት ማስተላለፍ ነው።

ማንነትን ማረጋገጥ ከቀድሞው ቀሏል። የወረቀት የቀበሌ መታወቂያ በሁለት ስም ከሁለት ቦታ ሊወጣ ይችል ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ግን የጣት አሻራን፣ የዓይን አይሪስንና የፊት ምስልን ስለሚመዘግብ አንድ ሰው ሁለት ሰው መሆን ያስቸግረዋል። ያም ሆኖ ፋይዳ የሚነግረን ሰውዬው ማን እንደሆነ እንጂ ምን እንዳደረገ አይደለም። ለዚያ ሰዎች በተለምዶ «አሻራ» የሚሉት ከፖሊስ የሚሰጥ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ አለ። ለውጭ ጉዞ ሲሆን ሁሉም ያወጣዋል፤ ከልጆች ጋር ለመሥራትም መጠየቅ ይገባል። እሱም ገደብ አለው፤ ክስ ያልቀረበበትን፣ በሽምግልና የተሸፈነውን ነገር አያሳይም።

ተያዥ መጠየቅም ልማድ ሆኗል፤ ግን ተያዡ የሚፈርመው ለገንዘብ ነው። ሠራተኛው ንብረት ቢያጎድል እከፍላለሁ ይላል እንጂ ለልጆች ደኅንነት ቃል አይገባም። አንድ ርዕሰ መምህር ተያዡን አስቀምጠው «ይህን ሰው ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል? የት አብራችሁ ኖራችሁ? ለምን ከዚያኛው ትምህርት ቤት ለቀቀ?» ብለው ቢጠይቁ ከፊርማው የበለጠ ያገኛሉ።

ከሁሉም ከሁሉም ትልቁ ነገር ለቀድሞው ቀጣሪ መደወል ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ «በገዛ ፈቃዳቸው ለቀዋል» የሚለው ሐረግ ብዙ ነገር ሊሸፍን ይችላል። ትምህርት ቤት ስሙ እንዳይጎድፍ፣ ወላጅ ልጆቹን እንዳያስወጣ ሲል የጠረጠረውን ሰው በዝምታና በጥሩ ደብዳቤ ይሸኛል። ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የትምህርት ሕግ ውስጥ በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥፋት መፈጸሙ የሚታወቅ ሠራተኛን ሌላ ሥራ እንዲያገኝ መርዳትን የሚከለክል አንቀጽ አስገብታለች። ሲደወል አንድ ጥያቄ አይዘለል፦ «ይህን ሰው ከልጆች ጋር እንዲሠራ መልሳችሁ ትቀጥሩታላችሁ?» ዝምታውም መልስ ነው።

ማጣራቱን ያለፈ ሰውስ? እዚህ ላይ የግቢው ሥርዓት ነው ልጆችን የሚጠብቃቸው። አጥቂ መልኩ አያስታውቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግ ነው። አንዱን ልጅ ለይቶ ያቀርባል፣ ብስኩት ይገዛለታል፣ በስልኩ ጌም ያስጫውተዋል፣ «ለቤት እንዳትናገር» የምትል ትንሽ ምስጢር ያስለምደዋል፣ ከዚያ ብቻውን የሚያገኝበትን ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የክፍል በር መስታወት ይኑረው ወይም ክፍት ይሁን፤ ተጨማሪ ትምህርት ለብቻ አይሰጥ፤ የልጆችና የሠራተኞች መጸዳጃ ይለይ፤ ሰርቪስ ላይ ከሹፌሩ ሌላ አዋቂ ይኑር፤ መጨረሻ የሚወርደው ልጅ ከሹፌሩ ጋር ብቻውን አይቅር። ቤት የሚመጣው አስጠኚም በር ዘግቶ አያስጠና። እነዚህ ደንቦች ማንንም አያሰድቡም፤ ሁሉም ላይ እኩል ስለሚሠሩ ንጹሑን መምህር ከሐሜት ያድኑታል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ወይም የወላጅ ኮሚቴው በስብሰባ ሊጠይቅ የሚገባውም ከክፍያ ጭማሪው እኩል ይህን ነው።

ሌላው ጥግ ደግሞ አለ፤ ፈጽሞ መዘንጋት የለበትም። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም ከተማ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ የጤና ጥናት ሊያደርጉ የሄዱ ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን መርዝ ወጉ» በሚል ወሬ በሕዝብ ተደብድበው ተገድለዋል። እውነተኛ ባለሙያዎች ነበሩ። በሱሉልታም ሆነ በቡራዩ እንግዳ ሰው ሁሉ አስመሳይ አይደለም፤ ከሌላ አካባቢ መምጣት፣ ሌላ ቋንቋ መናገር፣ ብቻ መኖር የጥፋት ምልክት አይሆንም። ለማጣራት የምንደውለው ስልክ ሁለት ሥራ አለው፤ ልጁን ከአጥቂ፣ ንጹሑን ሰው ከወሬ ያድናል። ጥርጣሬ ያለው ሰው ይዞት የሚሄደው ወደ ርዕሰ መምህሩና ወደ ፖሊስ እንጂ ወደ አደባባይ ወይም ወደ ቴሌግራም አይደለም።

ልጅ ከተናገረ ደግሞ መጀመሪያ ይታመን፤ «መምህርህን እንዴት እንዲህ ትላለህ» አይባል። ጥያቄ አይደጋገምበት። ጥቃት ተፈጽሞ ከሆነ ልጁ ሳይታጠብ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፣ ልብሱም ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ይያዝ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የፖሊስ ምርመራውንና የሥነ ልቦና ድጋፉን አንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ የሚፈጸምን ወሲባዊ ጥቃት በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ተጎጂው የአጥፊው ተማሪ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ሽማግሌ ልኮ መካስ፣ «የልጅቷ ስም ይጠፋል» ብሎ ማዳፈን የሚጠቅመው አጥፊውን ብቻ ነው። ልጁ ፍርድ ቤት ቀርቦ ከአጥፊው ጋር ፊት ለፊት ይቆማል ብለው የሚሰጉ ወላጆች አሉ፤ ለሕፃናት ምቹ ተብለው በተደራጁ ችሎቶች ግን ልጁ በሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ፣ ቃሉን በካሜራ ይሰጣል።