ተጨማሪ መረጃ፦ ዝሆኔና ቀዩ አፈር
ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት በትንኝ ከሚተላለፍ ጥገኛ ትል ሊመጣ ቢችልም፣ በወላይታና በጎጃም በስፋት የሚታየው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው ዓይነት ግን ከትልም ሆነ ከተሕዋስ አይመጣም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባካሄዱት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘው ቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ሰርገው ይገቡና ሊምፍ የተባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች እያስቆጡ ይዘጋሉ። ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ በሽታው በአንድ ቤተሰብ ይደጋገማል፤ በዚህ የተነሳ ተላላፊ እየተባለ ታማሚዎች ከጋብቻና ከማኅበር መገለላቸው እጅግ ያሳዝናል። እግርን በየቀኑ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር፣ በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ በጊዜ ከተጀመረ እብጠቱን ያጎድላል፤ በቆየ ሕመምም ቢሆን እያገረሸ የሚያስተኛውን ትኩሳትና የእግር ቁጣ ይቀንሳል።