የእርሾ ቅቤና የእርሾ ኑግ

በኅዳርና በታኅሣሥ የሰቆጣ ማለዳ ቅቤ ማንኪያ አላስገባ ብሎ ይደርቃል። የኑግ ዘይት ግን ጠርሙሱን ሲያዘነብሉት ይፈስሳል። ሁለቱም ቅባት ናቸው። በጋን ውስጥ ያለ የጠላ እርሾ ሕይወቱ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ስለ እርሾ የምናወራው ብዙው ነገር ይህን የዘነጋ ነው።

«ጠላውን የሚያፈላው ጌሾ ነው» ይባላል። አይደለም። ጌሾ ምሬት ይሰጣል፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ይገታል። ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ የሚለውጠው በቅጠሉ፣ በብቅሉና በዕቃው ላይ ተሳፍሮ የሚገባው እርሾ ነው፤ በተለይም የዳቦና የቢራ እርሾ የሆነው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ። ጌሾ ያልነካው የማር ብርዝም ሰንበት ሲል መፍላቱ ለዚህ ነው።

«ብርድ እርሾውን ገደለው፤ ጥንስሱ የዘገየው ለዚያ ነው» የሚለው ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። እርሾው አልሞተም። እያንዳንዱ የእርሾ ሴል በስስ የቅባት ሽፋን የተከበበ ነው፤ ስኳር የሚያስገቡት ፕሮቲኖች የተተከሉት በዚህ ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ እንደ ቅቤ ከረጋ ሥራቸው ይታወካል። ቀጥ ያሉ የቅባት ሰንሰለቶች እንደ ማገዶ እንጨት ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ወገባቸው የጎበጠው ግን አይገጥሙም፣ ስለዚህ ሽፋኑ ይላላል። ሰንሰለቱን የሚያጎብጠው ኦሌ1 የተባለ ኢንዛይም ነው። መቼ እንደሚመረት የሚወስነው ደግሞ ኤምጂኤ2 የሚባል፣ በሴሉ ውስጥ ባለ ሽፋን ላይ ተሰክቶ የቅባቱን መጠጋጋት የሚዳስስ ፕሮቲን ነው። ቅባቱ ሲጠብቅ የፕሮቲኑ አንድ ክፍል ተቆርጦ ወደ ኒውክለሱ ይሄድና የኦሌ1ን ጂን ያስነሳል። ሽፋኑ ሲላላ ትእዛዙ ይቀንሳል። እርሾው በብርድ ቀን ከቅቤው ቀንሶ ኑጉን ያበዛል ማለት ነው። ጥንስሱን ወደ ምድጃው ማስጠጋት ያፈጥነዋል፤ የሚያፈጥነው ግን የሞተውን አስነስቶ ሳይሆን የዘገየውን አሙቆ ነው።

«እርሾ አየር አይወድም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መምረግ ነው» የሚል ምክርም አለ። ግማሹ እውነት ነው። እርሾ አልኮል ለማውጣት አየር አያስፈልገውም፤ ሽፋኑን ለመሥራት ግን ያስፈልገዋል። አንድሪያሰንና ስቲየር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1953 እና በ1954 እንዳሳዩት፣ እርሾ ፈጽሞ አየር በሌለበት የሚያድገው ኤርጎስቴሮል የተባለው የሽፋን ቅባትና የጎበጡት ቅባቶች ከውጭ ሲሰጡት ነው። ኦሌ1 ራሱ ያለ ኦክስጅን አይሠራም፤ አንዲት የኤርጎስቴሮል ሞለኪውል ለመሥራት ደግሞ 12 የኦክስጅን ሞለኪውሎች ያስፈልጋሉ። አየር ካጣ እርሾው ያለውን ቅባት ለልጆቹ እያካፈለ ይራባል፤ ሽፋኑ በደኸየ ጊዜ ያቆማል። እናቶቻችን ጥንስሱን እየከፈቱ ማማሰላቸው፣ ምክንያቱን በዚህ ቋንቋ ባይናገሩትም፣ ለእኔ ከብዙ የፋብሪካ መመሪያ የሚያንስ ጥበብ አይደለም። የምርጊቱ ተራ ከዚያ በኋላ ነው። አልኮሉ ከወጣ በኋላ የሚገባ አየር ለአሴቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሲሳይ ይሆናል፤ እነሱም አልኮሉን ኮምጣጤ ያደርጉታል። «ጠላዬን ዓይን በላው» ከማለት በፊት ምርጊቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ ማየት ይሻላል።

እርሾ ቅባቱን ሁሉ ከእህሉ እንደሚለቅም የሚያስቡም አሉ። በአብዛኛው ከስኳር የሚሠራው ራሱ ነው፤ ደግሞም በቁጠባ። ከሽፋኑ ቅባቶች አንዱን ለመሥራት ኢኖሲቶል የሚባል ነገር ያስፈልገዋል፤ ካጣ ከግሉኮስ ያዘጋጀዋል። በዚህ ጊዜ ኦፒ1 የተባለው ዘበኛ ፎስፋቲዲክ አሲድ በሚባል ቅባት ተይዞ ከኒውክለሱ ውጭ ይቆያል፤ የኢኖሲቶሉ ፋብሪካም ክፍት ነው። ገብሱ በቅሎ ብቅል ሲሆን ግን በውስጡ ያለው ፋይቲክ አሲድ መፍረስ ይጀምራል፤ ኢኖሲቶልም ይለቀቃል። ኢኖሲቶል ሲገኝ ፎስፋቲዲክ አሲዱ ለአዲሱ ቅባት ሥራ ያልቃል፤ ዘበኛው መያዣውን አጥቶ ወደ ኒውክለሱ ይገባና የኢኖሲቶሉን ፋብሪካ ይዘጋል። ብቅሉ ባነሰበት ጋን ውስጥ ኢኖሲቶሉ ሲያልቅ ዘበኛው ተመልሶ ይያዛል፤ ፋብሪካውም እንደገና ይከፈታል።