ድምፅ፣ ወረቀትና ባለቤትነት፦ በጥበብ ሥራዋ የምትተዳደር ሴት በራሷ ስለምትቆምበት መሠረት



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ በጥበብ ሥራዋ ለምትተዳደር ሴት በራስ መተማመን ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ መልሱን ከጠባይ እንፈልጋለን፤ «አይዞሽ፣ ድፈሪ» እንላታለን። እኔ ግን መተማመን ባለቤትነትን ተከትሎ የሚመጣ ነው ባይ ነኝ።

ምሳሌዬን ከዚሁ ከከሚሴ ዞን ልውሰድ። ከአራቱ ዋና ዋና የሙዚቃ ቅኝቶቻችን አንዱ በዞኑ ከተማ በባቲ ስም ይጠራል፤ አምባሰልም የወሎ ምድር ስም ነው። ቅኝቱን በመድረክ ካስከበሩት መካከል እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ ድምፃውያት በስማቸው ይታወቃሉ። በየሠርጉ ግጥም እየፈጠሩ ያዜሙት እጅግ ብዙ ሴቶች ግን ስማቸው ሳይመዘገብ ቀርቷል። ሥራቸው «የሕዝብ» ተባለ፤ የሕዝብ የተባለውን ደግሞ ካሴት ያሳተመ ሁሉ ሸጠው።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ክፍተት ለመረዳት ይጠቅመናል። በአዋጁ መሠረት መብቱ እንዲገኝ ምዝገባ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ሥራው ወጥ መሆንና በጽሑፍ፣ በድምፅ ቅጂ ወይም በሌላ ግዙፍ መልክ መቀመጥ አለበት። እንግዲህ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የተፈጠረ፣ ግን በአንደበት ብቻ የቀረ ግጥም የደራሲነት ጥበቃ የለውም። የባቲን ቅኝት ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም፤ በባቲ የተደረሰውና የተጻፈው አዲስ ግጥም ግን የደራሲዋ ነው። የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወት ዘመኗና ከሞቷ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል።

ሁለተኛው ነጥብ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። ለድርጅት ሥዕል የምትሥል፣ ለጥልፍ ንድፍ የምታወጣ ወይም ለማስታወቂያ ግጥም የምትጽፍ ሴት ውሉን ሳታነብ ከፈረመች ከክፍያዋ ሌላ የሚቀራት ነገር ላይኖር ይችላል። በውሉ ላይ የሚጨመር አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ይለውጠዋል።

ሦስተኛው ከቤት ይጀምራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ነበር፤ አንዱ ተጋቢም ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል የሌላውን ሥራ እንዲቃወም ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል ሕግ ተጋቢዎችን በእኩልነት አቆሙ። ይሁን እንጂ በሕግ የተነሣ ፈቃድ በልማድ ሲጠየቅ ዛሬም እናያለን። ማታ ለልምምድ የምትወጣ ድምፃዊት የሚገጥማት ጥያቄ ለወንድ ባልደረባዋ አይቀርብም።

ስለዚህ ለሴት ተማሪዎቻችን የምመክረው ሦስት ነገር ነው። የፈጠራችሁትን ዕለቱን ጻፉት ወይም ቅረጹት፤ ቀኑንም አስፍሩበት። ባለቤትነቱ የማን እንደሆነ፣ ሥራው ለምን አገልግሎትና ለምን ያህል ጊዜ እንደተሰጠ ያልጻፈ ውል አትፈርሙ። ገቢያችሁንም በስማችሁ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ተቀበሉ።

ለእኛ ለመምህራን ደግሞ ሌላ ኃላፊነት አለ። የሙዚቃ፣ የሥዕልና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን ስናስመርቅ ውል ማንበብን ካላስተማርናቸው ሙያውን በግማሽ ነው ያስጨበጥናቸው።