ስንዴው በማን እጅ ያልፋል?



ባለፈው የራሽን ቀን ሰልፍ ላይ ሳለን አንዲት እናት፣ «መምህር ልጄ፣ ዱራው ለሽማግሌዎቻችን ተሰጥቶ እነሱ ቢያከፋፍሉን ምን ነበረበት? የያንዳንዱን ሰው ካርድ እያዩ ፀሐይ ላይ ያቆሙናል» አሉኝ። ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ እዚህ ላይ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጦርነት ባለበት አገር እህል የሚያድል ወገን በሕዝቡ ዘንድ እንደ መንግሥት ይታያል። ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ለኢትዮጵያ የተላከው ዕርዳታ የሚገባው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው በአሰብና በምጽዋ ወደቦች በኩል ሲሆን፣ በዚህ ወገን የመንግሥቱ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበረ። ሁለተኛው ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ አማፅያኑ ወደያዙት ኤርትራና ትግራይ የሚሻገረው ነው። ካሚዮኖቹ የጦር አውሮፕላን እንዳያያቸው የሚጓዙት በሌሊት ነበር። ለዚህ ሥራ የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1981 እዚሁ ካርቱም ውስጥ የጋራ ጽሕፈት ቤት አቋቁመው ነበር። እህሉን ለገበሬው የሚያደርሱት ግን የኤርትራ ተራድኦ ማኅበርና ማረት ናቸው።

ታዲያ ገበሬው ለጋሹን አያየውም፤ የሚያየው ስሙን መዝግቦ የሚሰፍርለትን ነው። በትግራይ ችግረኛውን በመለየቱ ሥራ የቀበሌው ባይቶ ይገባበት ስለነበር፣ ባይቶው በዚያው አስተዳደር መሆንን ተማረ። በመንግሥት በኩል ደግሞ እህል ፍለጋ ወደ ጣቢያ የመጡ ሰዎች ሳይወዱ ለሰፈራ መወሰዳቸው በሰፊው ተመዝግቧል። አንዱ ስንዴ አንዱን መንግሥት ሲያቆም ሌላውን ሲያስጠላ ማለት ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢትዮጵያ ውስጥ እህሉ ከታሰበለት ሰው ውጭ እየሄደ ነው ተብሎ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና አሜሪካ ዕርዳታውን አቋረጡ። እዚያ የተጠለሉ ስደተኞችም ሳይቀሩ ለወራት ተጎዱ። ለስደተኞቹ የቀጠለው የመጋዘኑና የማከፋፈሉ ቁጥጥር ከመንግሥት እጅ ከወጣ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ልምጣ። እኔም ከዓመታት በፊት በሌላ ቦታ የማከፋፈያ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ክፉ ሰዎች አልነበርንም። ነገር ግን አዲስ መጦችን ስለማናውቃቸው፣ ቋንቋቸውም ስለሚለይ፣ ስማቸውን መጨረሻው ገጽ ላይ እንጽፍ ነበር። ዱራው እዚያ ገጽ ሳይደርስ ያልቃል። ማንም ሌባ አላለንም፤ ሁለት ልጆች የያዘች ሴት ግን ባዶ ጆንያዋን አጥፋ ስትመለስ አይቻለሁ።

ኮሚቴ አይረባም ማለቴ አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ካርቱም ስትዋጋ የሰፈሩን ሰው የመገቡት በጎ ፈቃደኞች የከፈቷቸው ተኪያዎች ናቸው። እዚያ ግን ድስቱ አደባባይ ላይ ነው፤ የሚቀዳውንም የሚቀበለውንም ሁሉ ያያል። የእኛም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ቢለጠፍና ስሙ የጎደለበት ሰው የሚያመለክተው ለጻፈው ኮሚቴ ሳይሆን ለሌላ ሰው ቢሆን፣ ሽማግሌዎቹ ቢያከፋፍሉ አልቃወምም። እስከዚያ ካርዱ ይታይ።

ስለ ፀሐዩ ግን እማማ እውነትዎን ነው። ዳስ እንዲሠራልን ማመልከቻ ጽፌአለሁ፤ የሚፈርም ሰው ትምህርት ቤቱ ዘንድ ያገኘኛል።