እንስሳት ይናገራሉን?

የሰው ልጅ እንስሳት እንዲናገሩለት ከጥንት ጀምሮ ሲመኝ ኖሯል። በአገራችን ተረት አንበሳና ጦጣ፥ ቀበሮና አህያ እንደ ሰው ሸንጎ ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ንጉሥ ሰሎሞንም የአራዊትንና የአዕዋፍን ቋንቋ ያውቅ ነበር እየተባለ ሲነገር ቆይቷል። በውጭ አገርም የሳይንስ ልብ ወለድ ደራስያን ለዚሁ ምኞት አዲስ ልብስ አልብሰውታል። እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ሐኪም በደሴት ላይ አራዊትን በቀዶ ጥገና ወደ ሰው መልክ ሲለውጥና ሲያናግር ያሳያል፤ ፈረንሳዊው ፒየር ቡል ደግሞ በ1963 ባወጣው ልብ ወለድ ጎሪላና ቺምፓንዚ የሚናገሩበትን፥ ሰዎች ግን ዱዳ የሆኑበትን ዓለም ፈጥሯል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረቱንና ልብ ወለዱን በየስፍራቸው አስቀምጠን እውነተኛውን ነገር እንመርምር ብንል፥ አስቀድሞ ምልክትንና ቋንቋን መለየት ያስፈልጋል። ዶሮ ጭልፊት ባየች ጊዜ የምታሰማው ጩኸት ምልክት ነው፤ ጫጩቶቿም ሰምተው ይሸሸጋሉ። ገበሬ የጠመዳቸውን በሬዎች በየስማቸው ሲጠራቸው በሬዎቹ ያውቁታል፤ ቁሙ ሲላቸውም ይቆማሉ። ነገር ግን «ነገ ዝናብ ይመጣ ይሆናልና ይህን ማሳ ዛሬ እንጨርስ» ብሎ ምክንያቱን ሊያስረዳቸው አይችልም። ቋንቋ ማለት ጥቂት ቃላትን እያጋጠሙ ስለ ትናንትና ስለ ነገ፥ ስለ ሆነውና ስላልሆነው ማለቂያ የሌለው ነገር ለመናገር የሚያስችል ሀብት ነው።

ይህን ካልን በኋላ የእንስሳት ምልክት ተራ ነገር ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ኦስትሪያዊው ሊቅ ካርል ፎን ፍሪሽ ንቦችን ለብዙ ዓመታት ሲመረምሩ ኖረው፥ አበባ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ የምታሳየው ጭፈራ ትርጉም እንዳለው አረጋገጡ። ንቢቱ በጨለማው ቀፎ ውስጥ፥ ቀጥ ብሎ በተንጠለጠለው የማር እንጀራ ላይ፥ ሰውነቷን እያወዛወዘች ትሄዳለች። አካሄዷ ሽቅብ የቀና ከሆነ፥ «አበባው በፀሐይ አቅጣጫ ነው» ማለቷ ነው፤ ከሽቅቡ መስመር ወደ ቀኝ 60 ዲግሪ ካዘነበለች፥ አበባው ከፀሐይ በስተቀኝ በዚያው ልክ ይገኛል። ውዝዋዜው በረዘመ ቁጥር መንገዱም የራቀ ነው። ስለዚህና ስለ መሰሉ ምርምር ፎን ፍሪሽ ከሌሎች 2 ሊቃውንት ጋር በ1973 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ብንሻገር ደግሞ የአምቦሴሊን ጦጣዎች እናገኛለን። በ1980 ውጤታቸውን የገለጹት ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፥ እነዚህ ጦጣዎች ለነብር አንድ ዓይነት ጩኸት፥ ለንስር ሌላ፥ ለእባብም ሌላ አላቸው። ተመራማሪዎቹ ጩኸቱን ቀርጸው፥ አውሬው በሌለበት ከተሸሸገ ድምፅ ማጉያ አሰሙ። የነብሩን ጩኸት የሰሙት ወደ ዛፍ ወጡ፤ የንስሩን የሰሙት ወደ ሰማይ አንጋጠጡ፤ የእባቡን የሰሙት መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። እንግዲህ ጩኸቱ የፍርሃት ድምፅ ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን ጠላት የሚለይ ሆኖ ተገኘ።

ነገር ግን ሰው ከምርመራው ይልቅ ምኞቱን ያስቀደመ እንደ ሆነ እንዴት እንደሚታለል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በበርሊን ከተማ ዊልሄልም ፎን ኦስተን የተባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበራቸው። መምህሩ ፈረሱን እንደ ተማሪ በሰሌዳ ፊት እያቆሙ ለዓመታት በትዕግሥት አስተማሩት፤ በትክክል ሲመልስም ዳቦና ካሮት ይሰጡት ነበር። ከሰባት ላይ ሦስት ቢቀነስ ስንት ይቀራል ቢሉት፥ መሬቱን በሰኮናው አራት ጊዜ መትቶ ያቆማል። ሕዝቡ እየጎረፈ መጥቶ አደነቀ። መምህሩ ለትርዒቱ ገንዘብ አይቀበሉም ነበርና አታላይ ናቸው ሊባሉ አልቻሉም። በ1904 አንድ ባለ 13 አባላት ኮሚሲዮን ነገሩን መርምሮ የማታለል ሥራ አላገኘሁም ሲል አስታወቀ።

ከዚህ በኋላ ኦስካር ፍንግስት የተባለ ወጣት መርማሪ ቀለል ያለ ዘዴ አሰበ። አንዱ ሰው በፈረሱ ጆሮ አንድ ቁጥር፥ ሌላውም ሌላ ቁጥር እንዲያንሾካሹክ አደረገ፤ ድምሩን ግን በስፍራው ካሉት ሰዎች ማንም አያውቀውም። በዚህ ጊዜ ያ ሁሉ ዕውቀት ጠፋ። የፈረሱም ዓይን ጠያቂውን እንዳያይ በተጋረደ ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ምስጢሩም ይህ ነበር፦ ጠያቂው ጥያቄውን ጨርሶ ሰኮናውን ለማየት ጎንበስ ይላል፤ ቁጥሩ ሲሞላ ደግሞ ሳይታወቀው ራሱን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል። ሃንስም ይህችን በጭንቅ የምትታይ እንቅስቃሴ እየተመለከተ ያቆም ነበር። ፍንግስት ይህን በ1907 አሳትሞ ገለጸ፤ ፎን ኦስተን ግን ውጤቱን ሳይቀበሉ በ1909 ዐረፉ።

ሃንስ ሒሳብ አያውቅም ነበር፤ ሰውን ግን ያውቅ ነበር። ይህም ራሱ የሚያስደንቅ ችሎታ ነው፤ ጥፋቱ ፈረሱ ያለውን ትቶ የሌለውን መስጠት ነበር።

ይኸው ጥርጣሬ ኋላም ተመልሶ መጥቷል። ከ1966 ጀምሮ በአሜሪካ ዋሾ የምትባል ቺምፓንዚ ከ100 በላይ የእጅ ምልክቶች ከተማረች በኋላ፥ እንስሳ ቋንቋ አገኘ ተብሎ ብዙ ተነገረ። ኸርበርት ቴረስ የተባሉ ሊቅ ኒም የተባለውን ሌላ ቺምፓንዚ አስተምረው ፊልሙን ደጋግመው ሲመለከቱ ግን፥ አብዛኛው ምልክት መምህሩ ቀደም ብሎ ያሳየውን መድገም ሆኖ አገኙት፤ ይህንንም በ1979 አስታወቁ። በአንጻሩ በ2011 ስለ ቼዘር የወጣው ጽሑፍ፥ ይህች ውሻ የ1,022 አሻንጉሊቶችን ስም ለይታ እንደምታውቅ ሲገልጽ፥ ዕቃዎቹ ከጠያቂው ዓይን ተሰውረው ስለ ተፈተነች ነገሩ ታማኝነት አገኘ። የሃንስ ትምህርት በከንቱ አልቀረም ማለት ነው። ዛሬ አዲስ መድኃኒት ሲፈተንም፥ እውነተኛው መድኃኒት ለማን እንደ ተሰጠ ሐኪሙም በሽተኛውም እንዳያውቁ የሚደረገው በዚሁ ዓይነት ጥንቃቄ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህ ነገር ከፈረስና ከጦጣ አልፎ የየመሥሪያ ቤታችንንም ደጃፍ ያንኳኳል። አንድ ሹም ራሱን በአዎንታ እየነቀነቀ «ሥራው ተጠናቋል፥ አይደለም?» ብሎ የበታቹን ቢጠይቅ፥ የሚያገኘው መልስ የሃንስ መልስ ነው። መዝገቡ ሳይገለጥና ሥራው በዓይን ሳይታይ በዚህ መልስ ላይ ውሳኔ ቢሰጥ፥ ጉዳቱ የሚደርሰው ጉዳዩን ይዞ በደጅ በቆመው ባለጉዳይ ላይ ነው። መልሱን ፊቱ ላይ ጽፎ የሚጠይቅ ሰው የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነውና፥ እውነቱን የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ፊቱን ያስተካክል።

ለጊዜው ግን በቤታችሁ ያለው ውሻ የምትሉትን ሁሉ የሚረዳ ከመሰላችሁ፥ ከበር ወዲያ ሆናችሁ፥ እጃችሁን ሳታወዛውዙና ድምፃችሁን ሳትለውጡ ያንኑ ቃል ተናገሩና የሚሆነውን ተመልከቱ።