ለአማተር ሬዲዮ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ስትመርጡ

ወረታ ላይ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። ስለ ፓወር ሰፕላይ የምትጠይቁኝ በዝታችኋልና የማውቀውን ላካፍላችሁ።

100 ዋት የሚያስተላልፍ ሬዲዮ የሚፈልገው 13.8 ቮልት ነው፤ ሲያስተላልፍ 20 አምፔር ገደማ ይስባል። ስለዚህ «30 አምፔር» የተባለውን ርካሽ ሰፕላይ ለ20 ብቻ ቁጠሩት። ለኤልኢዲ መብራት የሚሸጠው ባለ ቀዳዳ የብረት ሳጥን 12 ቮልት ይሰጣል። ብዙዎቹ ላይ ካለችው ማስተካከያ ብሎን በካቻቢቴ ቀስ እያላችሁ፣ በቴስተር እያያችሁ ወደ 13.8 ማድረስ ይቻላል። ጎኑ ላይ የ110 እና የ220 መምረጫ ካለው 220 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ፤ ወዲያው ይቃጠላል። የመሬት ሽቦውንም አትዝለሉ፤ በሰው ሕይወት አይቀለድም።

ትልቁ ጉዳይ ግን ጩኸት ነው። ይህ ዓይነት ሰፕላይ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ስለሚቆራርጥ አጭር ሞገድን ይረብሻል። ከመግዛታችሁ በፊት የ12 ቮልት የመኪና አምፖል አብሩበትና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ በአጭር ሞገድ ከፍታችሁ አስጠጉት። ባዶውን ዝም ብሎ ጭነት ሲያገኝ የሚጮህ አለና አምፖሉን አትርሱ። ጣቢያው በጩኸት ከተዋጠ ተዉት፤ የፎገራ ሜዳ የቱንም ያህል ለአንቴና ቢመች አያድናችሁም።

እኛ ዘንድ የሩዝ መፈልፈያ ሞተር ሲነሳ መብራቱ ይወርዳል። ስለዚህ መምረጫ የሌለውን፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሱ የሚቀበለውን እመርጣለሁ። የገለባ ብናኝም ማራገቢያውን ይደፍናል፤ ከሶኬት ነቅላችሁ አጽዱት።

ለማስተላለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። እባካችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።